ጃፓኖቹ ሲጫወቱ ምኑን ልይ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ የድብድብ ጌሞቹን ቴከንና ስትሪት ፋይተርን እጫወት ነበር። አሁን ደግሞ የስትሪት ፋይተር 6 ውድድሮችን በዩቲዩብ ማየት ጀምሬያለሁ። ሁሉም ሰው ጃፓኖቹን እይ ይለኛል። አያለሁ። ግን ወደፊት ወደኋላ ሲሉ ቆይተው ድንገት ያልቃል። ፊታቸው ላይም ምንም አይነበብም። ደግሞ እንደዚህ ምርጥ ከሆኑ ለምንድነው ኢቮ በሚባለው ትልቁ የድብድብ ጌም ውድድር ላይ አሜሪካዊና የኤምሬትስ ሰው የሚያሸንፋቸው? ምኑን ነው ማየት ያለብኝ?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ወደፊት ወደኋላ ያልከው ነገር እኮ ራሱ ጨዋታው ነው። ኮምቦው፣ ማለትም ተያይዞ የሚወርደው የምት ሰንሰለት፣ ውጤቱ ነው። እነዚህ ሰዎች ኮምቦውን ቤታቸው ቁጭ ብለው እልፍ ጊዜ ደጋግመውታል። መድረክ ላይ ጣታቸው ሳያስብ ይሠራዋል። ሳይታሰብ የማይገኘው የመጀመሪያዋ ምት ናት። ያ ሁሉ ወዲያ ወዲህ እሷን ለማግኘት ነው።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳህ። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ነጠላ ምስል፣ ይሄዳል። በስትሪት ፋይተር 6 ፈጣኑ ቡጢ በ4 ፍሬም ይደርሳል። አንድ ሰው ደግሞ ነገሩን አይቶ ጣቱ ቁልፉን እስኪነካ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 15 ፍሬም ያልፋል። ሲደክመው ከዚያም በላይ። ታዋቂዎቹ ጃፓናውያን ዳይጎ ኡሜሃራም ሆነ ቶኪዶ ከዚህ አያመልጡም። ስለዚህ ተጠጋግተው ሲፋለሙ ከምታየው ነገር ብዙው ታይቶ የተመለሰ አይደለም። አስቀድሞ የተገመተ ነው።

«ጃፓኖች እጃቸው ፈጣን ስለሆነ ነው» የሚል ሰው ይገጥምሃል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሳኮ የሚባለው ጃፓናዊ ተጫዋች የተወለደው በ1979 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። የጌሙ ሠሪ ካፕኮም የሚያዘጋጀውን የመጀመሪያውን ካፕኮም ካፕ በ2013 ሲያሸንፍ 34 ዓመት ሊሞላው ወይም ሞልቶት ነበር። ዳይጎ የ1981 ልጅ ነው። ዛሬም ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር ይጋጠማል። ነገሩ የጣት ፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ድሮ ጡረታ ወጥተው ነበር።

እንግዲህ ምኑን ልይ ላልከው፣ መጀመሪያ እግር እይ። ከምሬ ነው። አንድ ግጥሚያ ክፈትና ለአምስት ደቂቃ ያህል ቡጢውንም እሳቱንም እርሳ። በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ ተመልከት። እያንዳንዱ ካራክተር እግሩ የሚደርስበት ርቀት የተወሰነ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ከተጋጣሚው እግር ጫፍ ጥቂት ወጣ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ገባ ይላል፤ ወጣ ይላል። ገባ ሲል ተጋጣሚው «አሁን አገኘሁት» ብሎ ይራገጣል። እሱ ግን ወጥቷል። የተዘረጋው እግር ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል። ወዲያው እዚያች እግር ላይ ይመታል። አንተ የምታየው ምቱን ነው። ምቱን የወለደችው ግን ያቺ ገባ ወጣ ናት።

ሁለተኛው ዓይን የሚያመልጠው ነገር ይዞ መጣል ላይ ነው። በዚህ ጌም መከላከል ቡጢና እርግጫን ያቆማል፤ መያዝን ግን አያቆምም። ከሚይዝህ ሰው ለማምለጥ አንተም በዚያው ቅጽበት የመያዣውን ቁልፍ መጫን አለብህ። አሁን አጥቂው ተጠግቶ ሁለት ጊዜ ይዞ ጣለህ እንበል። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠጋህ እጅህ ራሱ ወደ ቁልፉ ይሮጣል። እሱ ግን አይዝህም። ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ይላል። አንተ አየር ትይዛለህ። ከዚያ የምትበላው ኮምቦ ላይፍህን፣ ማለትም የቀረህን ዕድሜ የሚያሳየውን መስመር፣ ግምስ ያደርገዋል።

ታዲያ ግጥሚያው የት ላይ ነው ያለቀው? ኮምቦው ላይ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መያዞች ጉዳታቸው ትንሽ ነበር። ለሦስተኛው የተከፈሉ ቀብድ ነበሩ። አሁን ቶኪዶን ወይም ሌላውን ጃፓናዊ ፉዶን ስታይ ይህንን ፈልግ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ደግመው ካየህ፣ ሦስተኛው ላይ ዓይንህን አትንቀል። አንዳንዴ ይገለብጡታል። አንዳንዴ ደግሞ «ይገለብጠዋል» ብሎ የሚጠብቀውን ሰው እዚያው በድሮው መንገድ ይዘው ይጥሉታል። ስለዚህ ነው ተመልካቹ የሚጮኸው።

ሦስተኛው፣ ከላይፉ ሥር ያለችው ስድስት ክፍል አረንጓዴ መስመር ናት። ድራይቭ ትባላለች። አዲስ ተመልካች ላይፉን ብቻ ያያል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። ተጫዋቹ ሲሮጥ ከእሷ ይቀነሳል፤ ሲከላከልም ይቀነሳል። ሙሉ በሙሉ ስታልቅ ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል። ቢከላከል እንኳ ልዩ ምቶች ላይፉን እየሸረፉ ይበሉታል። ጥግ ተይዞ በድራይቭ ኢምፓክት ግድግዳው ላይ ከተጋጨ ደግሞ ይደነዝዛል። ላይፉ ብዙ ሆኖ መስመሯ ግን ያለቀበት ተጫዋች ብዙ ጊዜ የተሸነፈው እሱ ነው። ውጤቱ ገና አልተነገረም እንጂ።

ድራይቭ ኢምፓክት ራሱ ጥሩ ማሳያ ነው። ቀለም እየረጨ የሚመጣው ትልቁ ምት ማለቴ ነው። ለመድረስ 26 ፍሬም ይፈጅበታል። ከላይ ካልኩህ 15 ጋር አወዳድረው። ይህኛው ታይቶ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። አንተም የራስህን ኢምፓክት ከመለስክለት ያሸነፍከው አንተ ነህ። ታዲያ ለምንድነው የዓለም ምርጦች ጭምር የሚመቱት? ያን ሰዓት ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። አንዱ እግር እየጠበቀ ነው፤ ሌላው ዝላይ እየጠበቀ ነው። የሰው ትኩረት ሁሉን በአንዴ አይጠብቅም። ጎበዙ ተጫዋች ኢምፓክቱን የሚወረውረው ያንተ ሐሳብ ሲሞላ ነው። እሱን ለመሙላት ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ወደፊት ወደኋላ ሲል ነበር።

አሁን ወደ ጃፓኖቹ ልምጣ። በእኔ እይታ ከሌላው የሚለያቸው አንድ ነገር አለ። ግጥሚያው በረዘመ ቁጥር ይበረታሉ። ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ያጠናሉ፤ በር በር ይዘጋሉ። ችግሩ ትልልቆቹ ውድድሮች ይህንን ለማሳየት አልተሠሩም። ኢቮ ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። መጨረሻ ስምንቱ ውስጥ ሲገቡ ሦስት ይሆናል። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ይወጣል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሻንጣውን የሚያነሳ ሻምፒዮን ሞልቷል። ለማጥናት ጊዜ የለም።

ስለዚህ ጃፓኖቹን በደንብ ማየት ከፈለግህ ረጅም ግጥሚያ ፈልግ። አንድ ብቻ ምረጥ ብትለኝ «ኬሞኖሚቺ» የሚባለውን ነው የምመርጥልህ። ዳይጎ ራሱ ያሰናዳው መድረክ ነው። መጋቢት 2018 እንደ ፈረንጆቹ፣ ዳይጎና ቶኪዶ በስትሪት ፋይተር 5 ተገናኙ። ደንቡ ቀላል ነበር። አሥር ጨዋታ የቀደመ ያሸንፋል። ቶኪዶ ያን ጊዜ የኢቮ ሻምፒዮን ነው፤ በዓመቱ በየውድድሩ የሚፈራው እሱ ነበር። አኩማ የሚባለውን ካራክተር ያዘ። ዳይጎ ጋይል የሚባለውን ያዘ። ዳይጎ 10 ለ 5 አሸነፈ። ቶኪዶ መድረኩ ላይ አለቀሰ።

ይህንን ግጥሚያ ስታይ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ። እውነቴን ነው። በየጨዋታው አንድ መስመር ጻፍ። አኩማ የሚገባው በምን ነው? በዝላይ ነው ወይስ በእግሩ? ጋይል ያንን በምን መለሰለት? የትኛው ዘዴ እስከ ስንተኛው ጨዋታ ሠራ? ከዚያስ ለምን ቆመ? ጋይል ሶኒክ ቡም የሚባለውን የሩቅ ምቱን ለመወርወር ወደኋላ ይዞ መቆየት አለበት። ስለዚህ ጋይል ወደፊት በሄደ ቁጥር ያን መሣሪያውን ለጊዜው አስቀምጧል ማለት ነው። ዳይጎ መቼ መቼ ወደፊት እንደሚሄድ ቁጠር። ያን ጊዜ «ወደፊት ወደኋላ» የሚለው ነገር ሌላ መልክ ይኖረዋል።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ብትል ከጌም ቤቶቹ ነው እልሃለሁ። እነ ዳይጎ ያደጉት ቶኪዮ ውስጥ በነበሩ የአርኬድ ቤቶች ነው። ታካዳኖባባ በሚባል ሰፈር ያለው ሚካዶ የሚሉት ጌም ቤት ዛሬም አለ። ሺንጁኩ ውስጥም ስማቸው የታወቀ ቤቶች ነበሩ። እኛ ሰፈር ተሸናፊ ይነሳል። እነሱ ጋ ተሸናፊ ሌላ 100 የን ይከታል። አሸናፊው እንደተቀመጠ ይቀጥላል። ማሽኖቹ ጀርባ ለጀርባ ስለተቀመጡ ተጋጣሚህ ማዶ ነው። ፊቱን አታየውም። አንዳንዴ ማን እንደሆነም አታውቅም። የምታነበው ነገር ስክሪኑ ላይ ያለውን ካራክተር ብቻ ነው። ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም እነዚያው ሰዎች ይመጣሉ። ትናንት የሠራ ዘዴ ነገ ይዘጋል። ከ2003 እስከ 2012 ድረስ ቶጌኪ የሚባል ትልቅ አገር አቀፍ ውድድር ነበራቸው። እዚያ የሚቀርበው ሰው የተፈተነው በእነዚህ ቤቶች ነበር።

ያቺን የ2004 ቪዲዮ ሳታያት አትቀርም። ካሊፎርኒያ፣ ፖሞና፣ ኢቮ ላይ፣ ስትሪት ፋይተር 3። ዳይጎ ኬንን፣ አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ቹን-ሊን ይዘዋል። የዳይጎ ላይፍ ጭላንጭል ቀርቷል። ቢከላከል እንኳ ልዩ ምት ሸርፎ ይጨርሰዋል። ጀስቲን ይህን አውቆ 15 ምት ያለውን የቹን-ሊን ሱፐር፣ ማለትም ትልቁን ልዩ ጥቃቷን፣ ለቀቀው። ዳይጎ 15ቱንም አንድ በአንድ መለሰ፤ ከዚያ በራሱ ኮምቦና ሱፐር ገደለው። አዳራሹ ተንጫጫ።

ብዙ ሰው ይህንን እንደ ተአምር ያየዋል። እኔ የምወደው ክፍል ግን ከሱፐሩ በፊት ያሉት ሰከንዶች ናቸው። በዚያ ጌም ምትን ለመመለስ የመጫወቻውን ዱላ (ጆይስቲኩን) ወደኋላ አትስብም። በምቱ ቅጽበት ወደ ጠላትህ ትገፋዋለህ። ካገኘኸው ምንም ጉዳት የለም። ካላገኘኸው ፊትህን ሰጥተሃል። የቹን-ሊ ሱፐር ከዚያ ርቀት ሲመጣ አይተህ አትደርስበትም። የመጀመሪያዋን ምት አስቀድመህ መገመት አለብህ። ዳይጎ ጀስቲን ሱፐሩን እንደሚለቅ ገምቶ ነበር፤ ቦታውንም ለዚያ በሚመች ርቀት ይዞ ነበር። የቀሩት 14ቱ ልምምድ ናቸው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዘሎ አየር ላይ መለሳት። መሬት ላይ ሆኖ መመለስ ይችል ነበር። ዘሎ የመለሳት ከአየር ላይ የሚጀምረው ኮምቦ ጉዳቱ ስለሚበልጥ ነው። ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ሒሳብ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ቪዲዮው የማይነግርህ ነገር ደግሞ አለ። ያ ግጥሚያ ፍጻሜው አልነበረም። ዳይጎ በፍጻሜው በሌላ ጃፓናዊ፣ በኬንጂ ኦባታ ተሸነፈ። ከዚያም ለዓመታት ጌሙን ትቶ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ነበር። ስትሪት ፋይተር 4 ሲወጣ ተመለሰ። ኢቮን በ2009 እና በ2010 አከታትሎ ወሰደ። በ2010 ስፖንሰር ሲይዘው የጃፓን የመጀመሪያው ፕሮ ተጫዋች ሆነ።

ፊታቸው አይነበብም ላልከው በከፊል ልክ ነህ። ማሽን ተደግፎ ያደገ ሰው ተጋጣሚውን ማየት አልለመደም። ግን ሁሉም እንደዚያ አይደሉም። ቶኪዶ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው፤ እንደ ምሁር ዝም ብሎ ይቀመጣል ብለህ ትጠብቅ ይሆናል። እሱ ግን ካሸነፈ በኋላ ጀርባውን ሰጥቶ የአኩማን አቋቋም ይሠራል። በ2017 ላስ ቬጋስ ላይ ከተሸናፊዎች ምድብ ተነስቶ አሜሪካዊውን ፐንክን አሸነፈ። ማይክ ሲሰጡት በአጭር እንግሊዝኛ የድብድብ ጌም ትልቅ ነገር ነው አለ። ከአዳራሹ ያገኘው ጩኸት ለኮምቦው ካገኘው አይተናነስም። ፐንክ ያን ቀን እንባው መጣ። ሰባት ዓመት ቆይቶ በ2024 ኢቮን አገኛት። አሜሪካዊ ያልከው እሱን ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደዚያ ጥያቄህ። ቆጥሬ ልንገርህ። ከ2009 እስከ 2024 በአካል በተካሄዱት ኢቮዎች የዋናውን ስትሪት ፋይተር አሸናፊዎች ብትደረድር 14 ናቸው። ከእነዚህ ሰባቱን ጃፓኖች ወስደዋል። ዳይጎ ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ ፉዶ፣ ሞሞቺ፣ ቶኪዶ፣ ቦንቻንና ካዋኖ። የቀረውን ግማሽ ኮሪያ፣ ሲንጋፖር፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ ኤምሬትስና አሜሪካ ተካፍለውታል። አንድ አገር ብቻውን ግማሹን ሲወስድ ጎበዝ አይደለም አይባልም። ሁሉንም ይወስዳል ብሎ መጠበቅ ግን ስሕተት ነው።

ቀድሞ የነበራቸው ብልጫ ደግሞ ጠቧል። ድሮ የቶኪዮ ልጅ በባቡር ግማሽ ሰዓት ተጉዞ ከዓለም ምርጦች ጋር ይጫወት ነበር። ሌላው ዓለም ያን ዕድል አልነበረውም። አሁን ኦንላይኑ ተሻሽሏል። በ2023 ኢቮ ላይ ለስትሪት ፋይተር 6 ብቻ ከ7,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። ፍጻሜው የኤምሬትሱ አንግሪበርድና የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ሜናአርዲ ነበር። አንድም ጃፓናዊ ፍጻሜው ላይ የለም። የኤምሬትስ ሰዎች ድንገት የመጡ እንዳይመስልህ። በ2019 ቦንቻን ኢቮን ሲወስድ ፍጻሜው ላይ የገጠመው ቢግበርድ የሚባል የኤምሬትስ ተጫዋች ነበር። በ2024ም ፐንክ ያሸነፈው እሱኑ ነው።

ቴከን የምትወድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይለያል። እዚያ ለረጅም ጊዜ የሚፈሩት ኮሪያውያን ነበሩ። በ2019 መጀመሪያ ግን ፉኩኦካ ላይ በተደረገው ኢቮ ጃፓን አንድ ማንም የማያውቀው የፓኪስታን ልጅ መጣ። አርስላን አሽ ይባላል። በቪዛና በበረራ ችግር ተንገላቶ ነው የደረሰው። አሸነፈ። በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ ላይ ኒ (Knee) የሚባለውን ኮሪያዊ አሸንፎ ኢቮንም ወሰደ። ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ ወስዷታል። ላሆር ውስጥ ጠንካራ ሰዎች እርስ በርስ ሲፋተጉ ዓለም አያውቅም ነበር። ይህንን የምጠቅሰው የእኛም ልጆች ዋናው እንቅፋታቸው ያው ቪዛና ኢንተርኔት ስለሆነ ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ ከቶኪዮ ሰው ጋር ኦንላይን መጫወት አይታሰብም። ርቀቱ ብዙ ነው፤ ምቱ ሲደርስህ ዘግይቷል። እርስ በርስ መፋተግ ግን ኢንተርኔት አይፈልግም።

ስለ ገንዘቡ አልጠየቅከኝም፤ ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም ስለ ጃፓን ስናወራ ሰው ሁሉ እዚያ በወርቅ የሚጫወት ይመስለዋል። ሞሞቺ በ2015 ኢቮ ፍጻሜ ላይ የታይዋኑን ጌመርቢን ሲገጥም መሀል ላይ ዱላው ሥራ አቆመ። በደንቡ መሠረት ራውንዱን አጣ። ዱላውን ቀይሮ ተመለሰና አሸነፈ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። በ2019 ደግሞ ቶኪዮ ጌም ሾው ላይ የተደረገውን የስትሪት ፋይተር ውድድር አሸነፈ። ሽልማቱ 5 ሚሊዮን የን ነበር። የተሰጠው ወደ 60,000 የን ብቻ ነው። ምክንያቱ በጃፓን በ2018 የተቋቋመው ማኅበር የሚሰጠውን የፕሮ ፈቃድ አልወስድም በማለቱ ነው። የሽልማት ሕጋቸው ጥብቅ ስለነበር ነገሩ በፈቃድ እንዲታለፍ ተደርጎ ነበር፤ ሞሞቺ ይህንን አልተቀበለም። ነገሮች ምን ያህል እንደተቀየሩ ለማየት ወደ መጋቢት 2025 ና። ካፕኮም ካፕ በሱሞ ቤት፣ በሪዮጎኩ ኮኩጊካን ተደረገ። ካኬሩ ከቺሊ የመጣውን ወጣት ብሌዝን አሸንፎ አንድ ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በአገሩ፣ በራሱ ሕዝብ ፊት።

አሁን በተግባር ከየት ልጀምር ለምትለው። በመጀመሪያ አንድ ሰው ምረጥ። አሥር አይደለም፤ አንድ። ማጥቃት የምትወድ ከሆነ ቶኪዶን ያዝ። ሰው ሲታነቅ ማየት የምትወድ ከሆነ ፉዶን። ሳኮን ለእጁ ውበት። ምርጫህ እኔ ላይ ይሁን ካልክ ግን ዳይጎ። አሁን ብዙ ውድድር ስለሚያሸንፍ አይደለም፤ አያሸንፍም። ግን እያንዳንዱ እርምጃው ምክንያት አለው፣ ጀማሪ እንኳ ቆይቶ ያገኘዋል። ከዚያ የመረጥከው ሰው ሲሸነፍ የነበረበትን ግጥሚያ ፈልግ። ሲያሸንፍ ሁሉም ያምራል። ሲጠብበት የሚያደርገው ነገር ነው ማንነቱን የሚያሳየው።

ቪዲዮውን መጀመሪያ በሙሉ ፍጥነት እይ። ሁለተኛ ጊዜ በግማሽ ፍጥነት። ግን ኮምቦዎቹን አሳልፋቸው፤ ከኮምቦው በፊት ያሉትን ሦስት አራት ሰከንዶች ብቻ ደጋግም። የጃፓንኛውን ኮሜንታሪ አትዝጋው። አሩና ሃሜኮ የሚባሉት ኮሜንታተሮች ሲያወሩ ቃሉ ባይገባህም ድምፃቸው የት ላይ ከፍ እንደሚል ስማ። ብዙ ጊዜ ምቱ ከመድረሱ በፊት ይጮኻሉ። የሚጮኹበት ቦታ ላይ አቁምና ምን አይተው እንደሆነ ፈልግ። ከየትኛውም ትምህርት ይህ ይሻላል።

ከነጠላ ውድድሮች ሌላ ስትሪት ፋይተር ሊግ የሚባለው የጃፓን የቡድን ውድድር አለ። እሱን በጣም እመክርሃለሁ። ቡድኖቹ ሜዳዬ፣ ሜዳህ ብለው ነው የሚገናኙት። እንግዳው ቡድን ማን በየትኛው ቦታ እንደሚጫወት ቀድሞ ያሳውቃል። ባለሜዳው ያንን አይቶ ሰው ይመርጣል። ስለዚህ ተጫዋቾቹ ለአንድ የተወሰነ ሰው ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ያ የጌም ቤት ጥናት እዚህ ላይ ይታያል። በጃፓን ማታ 1 ሰዓት እኛ ጋ ቀን 7 ሰዓት ስለሆነ ከምሳ ጋር ይገጥማል። ቶፓንጋ የሚባለው የጃፓን አዘጋጅ የሚያዘጋጃቸውንም ፈልግ፤ ረጅም ግጥሚያ እነሱ ጋ አለ።

ሳዑዲ ዘመድ ካለህ ደግሞ ንገረው። ከ2024 ጀምሮ ሪያድ ላይ በበጋቸው የኢስፖርት ዓለም ዋንጫ ይደረጋል። ስትሪት ፋይተርም ቴከንም ከነበሩት ጌሞች ውስጥ ነበሩ። ጃፓኖቹን በአካል ለማየት ከቶኪዮ ይልቅ ሪያድ ለብዙ የእኛ ሰው ይቀርባል።

ኢቮን ላስ ቬጋስ ላይ ሲሆን በቀጥታ ማየት ከፈለግህ ግን እንቅልፍህን ትከፍላለህ። የእነሱ እሑድ ማታ 1 ሰዓት የእኛ ሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ሥራ ካለህ ምሽቱን ቶሎ ተኛና ለፍጻሜው ብቻ ተነስ። ስልክህን ከፍተህ ቴሌግራም ውስጥ አትግባ፤ ውጤቱን ቀድሞ የሚለጥፍ አይጠፋም።